የደምሌ ትንሹ አይሱዙ

ሥራ የጀመርሁ ዕለት የተሰጠኝ መሣሪያ አንድ ቁራጭ ብርጭቆ ወረቀትና አንድ ባልዲ ውሃ ነበር። ቦታው መርሳ፣ የጋሽ እንድሪስ ጋራዥ ነው። ጋሽ እንድሪስ በዚያ ዘመን ከደሴ እስከ ቆቦ ሾፌር ሁሉ የሚያውቃቸው መኪና ቀቢ ነበሩ። እኔ ደግሞ ቀለም ልቀባ ነው የመጣሁት ብዬ አዲስ ሸሚዝ ለብሼ ሄጃለሁ። ሸሚዜን አዩና «ማሻአላህ፣ ሙሽራ መጣልን!» አሉ። ከዚያ ግድግዳ የተደገፈች አሮጌ ላንድሮቨር አሳዩኝና «በል ይቺን እሻት። ጥፍርህ ሲያልቅ ንገረኝ» አሉኝ።

ሳምንቱን ሙሉ አሸሁ። ያለቀው ጥፍሬ ብቻ አይደለም፤ የጣቴ አሻራም አብሮ ሄደ። በኋላ መታወቂያ ላወጣ ቀበሌ ስሄድ አውራ ጣቴን ቀለም ነክረው ወረቀት ላይ ቢያስጫኑኝ እንደ ዶሮ እንቁላል ልሙጥ የሆነ ነገር ወጣ። ጸሐፊዋ ወረቀቱን አየች፣ እኔን አየች፣ «አንተ ሰው ነህ?» አለችኝ። ወላሂ ብዬ ስናገር የሚያምነኝ የለም። ወልድያ ላይ «ሰይድ ወላሂ ካለ አንድ ዜሮ ቀንስለት» ይባላል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን ያለ ወላሂ ነው የምጽፈው።

በእኛ ሙያ ማዕረግ አለ። መጀመሪያ መኪና ታጥባለህ። ቀጥሎ በብርጭቆ ወረቀት ታሻለህ። ከዚያ ስቱኮ ትለቀልቃለህ፤ ከዚያ ዝገት መከላከያውን ትነፋለህ፤ ከዚያ ነው ቀለም ነፊ የምትባለው። ከሁሉም በላይ የሚቀመጠው ሥዕል የሚጨምረው ሰው ነው፤ አንበሳ፣ ንስር፣ ጥቅስ፣ እሳት። ጋሽ እንድሪስ እሳት አይሥሉም ነበር። «አላህ በእሳት ያስፈራራናል እንጂ አላስጌጠንም» ይሉ ነበር። አሠራሩን ያስተማሩኝ ግን እሳቸው ናቸው።

«እሳት ከአፍንጫው ነው የሚነሳ» አሉኝ አንድ ቀን። «ንፋሱ ወደ ኋላ ይወስደዋል። መኪናው ቆሞም የሚሄድ እንዲመስል ነው። አፍንጫው ላይ ቢጫ፣ በሩ ላይ ብርቱካን፣ ጫፉ ላይ ቀይ። ቢጫው ሳይደርቅ ቀዩን ካመጣህ እሳት አይደለም የምታገኝ፤ ቀይ ወጥ ነው።»

ወልድያ ገብቼ የራሴን ሱቅ ስከፍት በዚህ እውቀት ነው የኖርሁት። ጎንደር በር ከሚባለው ሰፈር እስከ መነኸሪያ የሚመላለሱትን ባጃጆች አቃጠልኋቸው ማለት ይቻላል። የእሳት አደጋ ሠራተኛ ቢያያቸው ቱቦ ይዞ ይከተላቸው ነበር። እሳት ያልሣልሁበት ባጃጅ ካያችሁ ባለቤቱ ወይ ጠላቴ ነው፣ ወይ አማቴ ነው።

ደምሌ የመጣው በዚያ ደህና ዘመን ነው። የግራና ከተማ ልጅ፣ ረጅም፣ ሲስቅ ትከሻው የሚስቅ ሾፌር። ነጭ አይሱዙ ነበረው። «ሰይዶ፣ እሳት አድርግልኝ። እንዳትሰስት» አለኝ። እኔም አልሰሰትሁም። ከፊት መብራቱ አስነስቼ እስከ ጭነቱ ሳንቃ ድረስ ለቀቅሁት። ከመስታወቱ በላይ ግንባሩ ላይ ደግሞ «የሺ» ብለህ ጻፍ አለኝ።

«የሚስትህ ስም ነው?»

«የእናቴ።»

«እናትህ እሳት ናቸው በለኛ!»

«መጥተህ አታያቸውም?» አለኝ። ትከሻው ሳቀ።

ጦርነቱ ወልድያ ሲደርስ መጀመሪያ የሞተው መብራት ነው። መብራት ሲሞት ቀለም የምነፋበት ኮምፕሬሰሬ ሞተ። ነዳጅ ጠፋ፣ ባጃጅ ቆመ፣ ባንክ ተዘጋ፣ ስልክ ዝም አለ። ያልሸሸ ሰው በሩን ዘግቶ ተቀመጠ። እኔ ቀለም በጣሳ ሙሉ አለኝ፣ የምቀባው የለኝም። ባለቤቴ ዘይነባ «እስቲ ግድግዳውን ቀባው» አለችኝ። ግድግዳውን ቀባሁ። በሩን ቀባሁ። አልጋውን ቀባሁ። ወደ ዶሮዋ ስዞር «እሷን እንዳትነካት!» ብላ ጮኸች።

ያን ሰሞን ከማል የሚባል የሚኒባስ ሾፌር መጣ። መኪናው ደሴ ቀርታለች። ትኑር አትኑር አያውቅም። «ሰይዶ፣ እጄ ሥራ ፈታ» አለኝ። «እስክትመጣ ትንሿን ሥራልኝ።» የሚቀልድ መስሎኝ ልስቅ ስል ፊቱን አየሁት። አልቀለደም።

የዘይት ቆርቆሮ ቆርጬ፣ ጎማዋን ከአሮጌ ነጠላ ጫማ አውጥቼ፣ በክንድ ላይ የምትቀመጥ ሚኒባስ ሠራሁለት። የትልቋን እሳት ልክ እንዳለ አሳንሼ ጎኗ ላይ ሣልሁት። ሲያልቅ እሳት አልመሰለም። በርበሬ የተደፋባት ነው የመሰለች። ፍቄ እንደገና ሣልሁ። አሁንም በርበሬ።

እንደገና ብዙ ቆርቆሮ ካበላሸሁ በኋላ ነው የገባኝ። ትልቅ እሳት አሳንሰው አይሥሉትም። ለትንሽ መኪና ትንሽ እሳት ከሥሩ መፍጠር ያስፈልጋል። በትልቁ ላይ አሥር ምላስ ካለው በትንሹ ሦስት ይበቃል። የምላሱ ወገብ ይወፍራል፣ ጫፉ ይሾላል፣ በመካከላቸው ያለው ባዶ ቦታ ይሰፋል። ዓይን እሳቱን የሚያየው በባዶው ቦታ ነው። ለዚህ የሚሆን ቀጭን ቡሩሽ ሱቅ አልነበረም፤ ሱቅ ራሱ አልነበረም። ከጎረቤቴ ፍየል ጆሮ ላይ ጠጉር ቆርጬ የዶሮ ላባ ዘንግ ውስጥ ሰካሁት። ፍየሏ እስከ ዛሬ ስታየኝ ጆሮዋን ትደብቃለች።

ከማል ትንሿን ሚኒባስ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ወደ ጉልበቱ እየነዳ «ውርጌሳ ደረስን፣ ወራጅ አለ?» ይል ነበር። ወሬው ተሰማ። መኪናው የተወሰደበት መጣ፣ ሸሽጎ ሞተሯን ማሞቅ ያልቻለ መጣ። ማሽላ ይዘው፣ ሽሮ ይዘው፣ ምንም ሳይዙ። ወልድያ ውስጥ ትልቅ መኪና አይንቀሳቀስም፤ የእኔ መደርደሪያ ላይ ግን የመኪና ሰልፍ ነበር።

መንገድ ሲከፈት መብራቱም ቀስ እያለ መጣ። ትንንሾቹ መኪኖች ግን አልቀሩም። እንዲያውም በዙ።

ጋሽ ሙላቱ የመጡት ያኔ ነው። እህል ነጋዴ ናቸው፤ የደምሌ አጎት፣ የእናቱ ታናሽ ወንድም። ቆመው መደርደሪያውን አዩና «አንድ አይሱዙ እፈልጋለሁ» አሉ።

«የማንን ጋሽ ሙላቱ?»

«የደምሌን።»

«እሱማ ራሱ ይምጣና ይዘዘኝ እንጂ! ገና ያለፈውን ምሳ አልጋበዘኝም» አልሁ እየሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። የያዝሁትን ጣሳ አስቀመጥሁ።

ነገሩን አጭር አድርገው ነገሩኝ። ጦርነቱ ሲቃረብ እህላቸውን ጭኖ ወደ ደሴ ሲሄድ ከመርሳ በላይ መንገድ ላይ መኪናው ተቃጠለ። ማን እንደመታው የሚያወራ ብዙ ነው፣ ያየ የለም። ከኋላው የነበረ ሾፌር ግን ደምሌን አይቶታል። የአካባቢው ገበሬዎች እዚያው ቀበሩት። መንገድ ሲከፈት ነው ሾፌሩ መጥቶ የነገራቸው።

«ኢናሊላሂ» ብዬ ተቀመጥሁ።

«እህቴ አታውቅም» አሉ። «ጅቡቲ ነው፣ ስልኩ ጠፍቶበት ነው ብለናታል። ዘመድ ከተበተነበት ይሰብሰብና መርዶውን እንነግራታለን። ሰይድ፣ ድሮ ደህና ሰው ሲሞት ፈረሱ ተጭኖ ለቅሶው መካከል ይዞር ነበር። እኛ አስከሬን የለን፣ መኪናው የለን። የሾፌር ፈረሱ መኪናው ነው። ትንሹን ሥራልኝና ድንኳኑ ውስጥ ላስቀምጠው።»

«እሺ ጋሽ ሙላቱ። በዓይኔ ነው የምሠራው።»

«እሳቱን ግን እንዳታደርግበት።»

«እሳቱ እኮ...»

«እሳት ሣልህበት፣ እሳት በላው። ሰው የሚለውን አትሰማም?»

አልሰማሁም ነበር። ያን ቀን ሰማሁ። እኔ ለሁሉም ነገር መልስ ያለኝ ሰው ነኝ፤ መልስ ባይኖረኝ እፈጥራለሁ። ለዚህ ግን ያስቀመጥሁትን ጣሳ አንሥቼ ክዳኑን ገጠምሁበት። ከዚያ በኋላ የመጡ ሁለት ባለ ባጃጆች እሳታቸውን አጥፋልን ሲሉኝ ለካ ለዚህ ነው ብዬ አጠፋሁላቸው። እሳት መሥራት የአንድ ቀን ሥራ ነው። ማጥፋት ግን እስከ ብረቱ መፋቅ ነው።

አይሱዙውን ሠራሁት። ነጭ ቀባሁት። ሳንቃውን በቀጭን እንጨት ደረደርሁ። ግንባሩ ላይ በፍየሏ ጠጉር «የሺ» ብዬ ጻፍሁ። ከዚያ እንደማንኛውም ሥራዬ ፀሐይ እንዲመታው የሱቄ በር ላይ አስቀመጥሁት። ማክሰኞ ነበር። ማክሰኞ የወልድያ ገበያ ነው፤ ከሐራ፣ ከመርሳ፣ ከግራና የማይመጣ ሰው የለም። አፍህን ዝጋ ብለውኝ ነበር፣ አፌን ዘጋሁ። በርህን ዝጋ ያለኝ ሰው ግን አልነበረም።

ጎንበስ ብዬ ቀለም ስበጠብጥ ጥላ አረፈብኝ። ቀና ስል አንዲት እናት አይሱዙውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል። አይቻቸው አላውቅም። አየሁና ግን አወቅኋቸው፤ ቁመታቸው የደምሌ ነው።

«ሰይድ ቀቢው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ እትዬ። ይግቡ፣ ይግቡ።»

«ፊደል አላውቅም» አሉ፣ የመኪናውን ግንባር በጣታቸው እየነኩ። «ይህን ግን ደምሌ አሳይቶኛል። ስሜ ነው።» ከዚያ ጎኑን አገላበጡት። «እሳቱስ?»

ማን አዘዘህ አላሉኝም። ለምን ሠራኸው አላሉኝም። እሳቱስ?

«ይህ... ለቱሪስት የማዘጋጀው ነው እትዬ» አልሁ።

«በዚህ ጊዜ ምን ቱሪስት አለ?»

«አሁንማ የለም። ኢንሻአላህ ሲመጣ...»

«የኔን ስም ነው የሚገዛ ቱሪስቱ?»

«የሺ የሚባል ስም እኮ ብዙ ሰው...»

«ሰይድ» አሉኝ። «ደምሌ ውሸታም ነው ብሎኝ ነበር። እንዲህ ደካማ ውሸታም መሆንህን ግን አልነገረኝም።»

የቀለም ጣሳ ገልብጬ በጨርቅ ጠርጌ አስቀመጥኋቸው። አይሱዙውን ጭናቸው ላይ አደረጉት። አላለቀሱም። እኔ ግን ቲነሩ ዓይኔን እያቃጠለኝ ነበር፤ ቲነር ነው ልበል።

«ሙላቱ ስኳር ማምጣት ሲጀምር ነው ያወቅሁት» አሉ። «ስኳር በሌለበት ዘመን ስኳር። በሳምንቱ ደግሞ ሥጋ። ወንድሜ እኮ ቋጣሪ ነው፤ ሰርጌ ላይ እንኳ ባዶ እጁን ነው የመጣው። ውሃ ልቀዳ ስወርድ ሴቶቹ ይስቁ ነበር፣ እኔ ስደርስ ይተዉታል። ልጅሽ ጅቡቲ ነው ሲሉኝ እሺ አልሁ።»

«ታዲያ እትዬ፣ ማወቅዎን ለጋሽ ሙላቱ ለምን አይነግሯቸውም? ይህን ተሸክመው ለብቻዎ...»

«ያን እህል ያስጫነው ሙላቱ ነው» አሉ። «እኔ ቀድሜ ካለቀስሁ እሱ የት ይገባል? ሊነግረኝ አፉን ይከፍትና ስኳሩን ያስቀምጥና ይሄዳል። ቀኑን እሱ ይምረጥ። አንድ ነገር ከራሱ እጅ ይውጣለት።»

ከዚያ ስለ እሳቱ ነገሩኝ። ደምሌ አዲስ የተቀባውን መኪና ይዞ ግራና የገባ ዕለት ምን ጉድ አመጣህ ብለው ተቆጥተውት ነበር። «እማ፣ በሩቅ እንድትለዪኝ ነው» አላቸው። እውነትም ከዚያ በኋላ ከበራቸው ሆነው መታጠፊያው ላይ እሳቱ ብቅ ሲል ያዩታል። ያን ጊዜ ወጥ ያሞቃሉ። እሱ ወርዶ እስኪገባ ይደርሳል።

«ነጭ አይሱዙ መንገዱን ሞልቶታል» አሉ። «ይህ የማንም ነው። እኔ ለማንም መኪና አላለቅስም። እሳቱን አድርግበት።»

«ጋሽ ሙላቱ እኮ እንዳታደርግ ብለውኛል።»

«እንግዲህ ምን ልበልህ፣ እኔ አላውቅም። ጅቡቲ ነው ልጄ» ብለው ተነሡ። በሩ ላይ ዞር ብለው «አብሽር» አሉኝ፤ እኛ ሰው ስናጽናና የምንለውን። ክርስቲያኗ ሙስሊሙን አብሽር ብላ ሄደች፣ እኔ ሱቄ ውስጥ ቀረሁ።

አሁን ያለሁበትን እዩልኝ። አንድ ዕቃ፣ ሁለት ትእዛዝ። አንዱ አዛዥ ከፍሎ ያዘዘኝ ነው። ሌላዋ አዛዥ ምንም የማታውቅ ናት፣ በሕግ። የእሳቸውን ትእዛዝ ለጋሽ ሙላቱ ብናገር የእናትየውን ምስጢር አወጣሁ። ባልናገርና እሳቱን ባደርገው ለቅሶው መካከል ጠብ አነሣሁ። ባላደርገው ደግሞ አንዲት እናት የማንም መኪና ፊት ተቀምጣ ልታለቅስ ነው።

በነጋታው ጋሽ ሙላቱ ዘንድ እህል መጋዘናቸው ድረስ ሄድሁ።

«ጋሽ ሙላቱ፣ ያለ እሳት እኮ የደምሌን አይመስልም።»

«ባይመስል ይሻላል።»

«ሰው የሚያውቀው በእሳቱ ነው።»

«ሰው ተወው! እህቴ እሳቱን አይታ ልቧ ቀጥ ቢል አንተ ነህ የምታስነሣት? መኪናው እንዴት እንደሆነ ስትሰማ፣ ፊት ለፊቷ እሳት ተሥሎ!» ፊታቸውን ወደ ጆንያው አዞሩ። «ለእሷ ነው የምለው፣ ሰይድ።»

እውነታቸውን ነው፣ ለእህታቸው ነው። እትዬ የሺም ዝም ያሉት ለወንድማቸው ነው። ምስጢሩ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ወጥቶ ሊናገር እጅ እግሩን ያወዛውዝ ነበር። ነክሼ ያዝሁት።

ሱቄ ተመልሼ አይሱዙውን ፊቴ አስቀምጬ ተቀመጥሁ። ደምሌን ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁበት ቀን ትዝ አለኝ። ያን ሰሞን ሾፌር ሁሉ መኪናው ከሰማይ እንዳይታይ ጭቃ ይለቀልቅ ነበር። ደምሌም ወልድያን ሲለቅ አይሱዙው ከጣሪያው እስከ ጎማው ጭቃ ለብሶ ነው። እሳቴን በመዳፉ ሲሸፍነው ባልዲውን ያቀበልሁት እኔ ነኝ። «ቀለሙን እንዳትፍቀው፣ ውሃ ብቻ ይበቃዋል» ብዬው ነበር። «ደሴ ስደርስ አጥበዋለሁ» አለኝ።

ተነሥቼ እንደገና መጋዘኑ ሄድሁ። «ጋሽ ሙላቱ፣ እንግዲያው የመጨረሻ ቀን እንደነበረው ላድርገው? ጭቃ እንደለበሰ?»

አሰቡ። «እንዲያ ነበር የወጣው» አሉ ቀስ ብለው። «አድርገው።»

እሳቱን በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ አስበልጬ ሠራሁት። ሦስት ምላስ በየጎኑ። ቢጫውን ቀባሁ፣ እስኪደርቅ ጠበቅሁ። ብርቱካኑን አስከተልሁ፣ ጠበቅሁ። ቀዩን ጫፉ ላይ። ላዩን ቫርኒሽ ደረብሁበት፤ ቫርኒሹ እስኪጠነክር ማንም እንዳይነካው መደርደሪያው ጀርባ ደበቅሁት። በዚህ ጊዜ በሩ ላይ አላስቀመጥሁትም፣ ተምሬያለሁ።

ቀጥሎ ጭቃው መጣ። ቀላል ይመስላል። ቫርኒሽ ያለበት ነገር ላይ ጭቃ አይዝም፤ እንደ ደረቀ ቂጣ ተሰነጣጥቆ ይረግፋል። ዱቄት በውሃ አሙቄ ቀላቀልሁበት። ሲበዛ እንደ ሲሚንቶ ያዘ፤ በውሃ ቢያሹት እንኳ አይለቅም። ሲያንስ ረገፈ። ቁርጥራጭ ቆርቆሮ ላይ ስሞክር ሰነበትሁ። ዘይነባ «ቀለም አልቆ ጭቃ ጀመርህ?» አለችኝ። በመጨረሻ ከወንዝ ያመጣሁትን ቀይ አፈር በነጠላ ነፍቼ፣ የዱቄቱን ሙጫ በጣት ጫፍ ያህል አድርጌ ሳየው፣ ደርቆ ይይዛል፣ በእርጥብ ጨርቅ ይለቃል። አይሱዙውን ከአፍንጫው እስከ ጭራው ለቀለቅሁት። ከግራው በር በታች አውራ ጣት የማይሞላ ቦታ ብቻ ተውሁ። እዚያ የአንዱ ምላስ ቀይ ጫፍ ትታያለች። ለፈለገ ሰው።

እትዬ የሺን ከዚያ በኋላ አላገኘኋቸውም። ልነግራቸውም አልቻልሁም። የሠራሁትን ያግኙት አያግኙት የማውቀው ነገር አልነበረም።

መርዶው በማለዳ ተነገረ። እኔ ግራና የደረስሁት ረፋድ ላይ ነው። ድንኳኑ ሞልቷል፤ ጋቢ የለበሰው፣ ጥምጥም ያሰረው፣ ኮፍያ ያደረገው ሁሉ ተቀላቅሎ ተቀምጧል። ጥቁር ጨርቅ የለበሰች ጠረጴዛ ላይ የደምሌ ፎቶ አለ። ጎኑ ጭቃ የለበሰው አይሱዙ። እትዬ የሺ ቀድመው እንደሚያውቁ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። የማስመሰል ለቅሶ ላይ ልቀመጥ ነው ብዬ ፈርቼ ነበር። አላስመሰሉም። ያጠራቀሙትን ነው ያወጡት። እኔ ያን ሁሉ ዘመን አጋንኜ ስናገር ኖሬያለሁ፤ ያን ለቅሶ ማጋነን አይቻለኝም።

ጋሽ ሙላቱ ደረቅ ዓይናቸውን ይዘው ሰው ያስተናግዳሉ። ወንበር ያመጣሉ፣ ውሃ ያዛሉ፣ አይቀመጡም።

እትዬ የሺ ተነሥተው ወደ ጠረጴዛዋ ሄዱ። መኪናውን አንሥተው ወደ ደረታቸው አስጠጉት። ከዚያ በለቅሶ ዜማ አወጡ፦

«በሩቅ የማውቀውን በእሳቱ ነበልባል፣
አፈር አልብሰውት እንዴት ልጅሽ ይባል።»

ድንኳኑ አብሮ አነባ። እኔ ጣታቸውን እከተላለሁ። ጣታቸው በጭቃው ላይ ሄደ፣ ሄደ፣ የግራው በር ሥር ቆመ። ጎንበስ ብለው አዩ። ቀና ብለው ሕዝቡን ቃኙ። ዓይናቸው እኔ ላይ አላረፈም፤ አለፈኝ። አንዲት ልጅ ውሃ እንዲጠጡ ብርጭቆ ይዛላቸው ቆማለች። የነጠላቸውን ጫፍ ብርጭቆው ውስጥ ነከሩት።

«እታለም፣ ተይው» አሉ ጋሽ ሙላቱ ከወዲያ እየመጡ። «ተይው፣ ይፈርሳል።»

«ተወኝ ሙላቱ። ፊቱን ልጥረግለት።»

የሕፃን ፊት እንደሚጠረግ ነው የጠረጉት። መጀመሪያ አፍንጫው ላይ ቢጫው ወጣ። ከዚያ በሩ ላይ ብርቱካኑ። ከዚያ ቀዩ፣ ምላስ በምላስ። ግራው ጎን ሙሉ እሳት ሆነ። ቀኙን አልነኩትም። ጠረጴዛዋ ላይ መልሰው አስቀመጡትና እሳቱን ወደ ድንኳኑ በር፣ ወደ መንገዱ አዞሩት።

ጋሽ ሙላቱ አይሱዙውን አዩ። እኔን አዩ። እኔ የድንኳኑን ምሰሶ አየሁ፤ ያን ያህል የማረከኝ ምሰሶ በሕይወቴ የለም። ሊቆጡኝ ነው ብዬ ስጠብቅ እሳቸው መሬቱ ላይ ተቀመጡና ያን ሁሉ ወር ያልወጣው መጣ።

«እኔ ነኝ የላክሁት!» አሉ። «እታለም፣ እህሉ የኔ ነው፤ እኔ ነኝ የላክሁት!»

«አውቃለሁ» አሉ እትዬ የሺ። «መርቄ የሸኘሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ና፣ አጠገቤ ተቀመጥ።»

ጎን ለጎን ተቀመጡ።

ከአርባው በኋላ ጋሽ ሙላቱ ሱቄ መጡ። ሳይቀመጡ «አንተ ቀጣፊ!» አሉኝ። «ነገረችኝ፣ ሁሉን ነገረችኝ።»

«ምን አሉዎት?»

«ከስኳሩ ነው ያወቅሁት አለችኝ። ታዲያ እያወቅሽ ስኳሩን ለምን ዝም ብለሽ ትቀበይ ነበር ብላት፣ ስኳር በጠፋበት ዘመን እምቢ እንድል ነው ወይ አለችኝ!» ሊስቁ ጀመሩና በመካከል አቆሙት። መደርደሪያዬን ሲያዩ ቆዩ። «ያዘዝሁህን ብትሠራ ኖሮ እስከ ዛሬ ዓይኔ ደረቅ ነበር» አሉ።

እሳት አጥፋልን ካሉኝ ባለ ባጃጆች አንዱ ተመልሶ አሠርቷል፣ ሌላው አላሠራም። ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ባጃጁ የየራሳቸው ነው። እኔ አሁንም ትልቁንም ትንሹንም እቀባለሁ። ጋሽ እንድሪስ ሰምተው «በመጨረሻ እሳት ሠራህ» ብለው ልከውብኛል፤ ከእሳቸው አፍ ምስጋና ይሁን ወቀሳ አልለየሁትም።

ለዚህ ሙያ አዲስ ለሆናችሁ የምለው አንድ ነገር ነው። ሥራ ሲመጣላችሁ ያዘዘውን ሰው ብቻ አትስሙ። ዕቃው ሲያልቅ ማን እጅ እንደሚገባ ጠይቁ። ቀለሙን ከዚያ በኋላ በጥብጡ።